የማሰቢያ ወንበር

የሰደበችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። የሰደበችኝም ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እሷ ሳሎኗ መሀል ቆማ፣ እኔ የተገለበጠ ሶፋዋ ጀርባ ተንበርክኬ ሳለሁ ነው። ከእሷ በፊትም የሰደቡኝ ሞልተዋል። የልጄ ትምህርት ቤት ዘበኛ ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩ ዕለት የሥራ ልብሴን አይቶ «ዕቃ የሚያወርድ በኋላ በር ነው» ብሎኛል። ወንድሜ በሠርጉ ቀን «ጋሼ፣ እዚያ ይሻልሃል፣ ነፋሻ ነው» ብሎ ከሾፌሮቹ ጋር አስቀምጦኛል። አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ፣ እኔው አድሼ ገና ያስረከብኩት ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ጋዜጣ አንጥፎልኛል። ማን ምን እንዳለኝ፣ መቼና የት እንዳለኝ አልረሳም። ሰው መርሳት ጥሩ ነው ይላል፤ እንዲህ የሚለው ግን ሁልጊዜ የሰደበው ወገን ነው። የወንድሜ ሚስት ስድብ ከሁሉም የሚብሰው፣ እሷ ስትሰድበኝ የሰሙት ሴቶች ደብተራቸውን አውጥተው መጻፋቸው ነው።

የሄድኩት ልጄን ልወስድ ነበር። ሶፋ አዳሽ ነኝ፤ ሱቄን የምዘጋው ሲመሽ ነው። እናቷ ያረፈች ጊዜ ልጅቷን ማን ይያዛት ሲባል ወንድሜና ሚስቱ «ትምህርት ቤቱ ለእኛ ይቀርባል፣ ዓመቱ እስኪያልቅ እኛ ጋ ትሁን» አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ። ዓመቱ አለቀ። ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ኮተቷን አውጥቼ ነጭ ቀለም ቀባኋት። አልጋ ሠራሁ፤ ራስጌውን በስፖንጅ ሞልቼ ቢጫ ጨርቅ አለበስኩት። ቢጫ ትወዳለች፣ ቢያንስ ያኔ ትወድ ነበር። መስታወትም ገዛሁ፤ ግን ቁመቷ የት እንደደረሰ ስላላወቅኩ፣ ስትመጣ አጠገቡ አቁሜ ለክቼ ልሰቅለው ግድግዳው ሥር አስደግፌው ወጣሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋም እኔ ሥራ ላይ ስሆን ልታይልኝ ተስማምታለች። የቀረኝ የልጄን እጅ ይዞ መውጣት ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የማንንም ፈቃድ የሚጠይቅ አልመሰለኝም።

በሩን የከፈተልኝ ወንድሜ ነው፣ ከነፒጃማው። ታናሼ ነው። እሱ የተማረው እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ ስለገባሁ ነው፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚያነሳ የለም። «ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩት ገና ጫማዬን ሳወልቅ። እዚያ ቤት ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የካልሲዬ ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቶ ነበርና አንዱን እግሬን በሌላው ሸፍኜ ቆምኩ። ወንድሜ እግሬን አየ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አየ። «ለእሷ ንገራት ጋሼ» አለኝና ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ፤ የመስታወት በሩንም ከኋላው ሳበው። እኔና እሱ ስንነጋገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እሱ አንድ ቃል ይናገራል፣ ከዚያ በር ይዘጋል።

የወንድሜ ሚስት ወላጆችን ትመክራለች፤ ሥራዋ ነው። ልጅ አልበላም ሲል፣ አልተኛም ሲል፣ ገበያ መሀል ተንከባሎ ሲያለቅስ ወላጅ ምን ማድረግ እንዳለበት በስልኳ ራሷን እየቀረጸች ታስተላልፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እናቶች ሳሎኗ ተሰብስበው ይሰሟታል። የራሷ ልጅ የላትም። ለሌላው የምትመክረውን ሁሉ የሞከረችው በእኔ ልጅ ነው። ኩባያ ስትደረድር ደረስኩባት። «ጋሼ! እንኳን መጣህ፣ ልደውልልህ ነበር እኮ!» አለችኝ፤ ምላሷ ማር ነው። ልጄን ልወስድ መምጣቴን ነገርኳት። መደርደሯን አላቋረጠችም። «እንግዶቼ ይሂዱና በእርጋታ እንነጋገራለን። እስከዚያ ሁለት ነገር ትሠራልኛለህ።» ለእኔ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አይጠፋትም። አንደኛው ሶፋዋ ነው፤ የሥሩ ላስቲክ ረግቦ ሰው ሲቀመጥበት መሀሉ ይሰምጣል። ሁለተኛው ትንሿ ወንበር ናት።

ትንሿን ወንበር የሠራኋት እኔው ነኝ። በዓመቱ አጋማሽ ላይ «ለልጅቷ በቁመቷ ልክ ወንበር ሥራላት» ብላ ስታዘኝ፣ ልትሥልባት፣ ልታነብባት መስሎኝ የደንበኛ ሥራ አቁሜ ለፋሁባት። ጉልበቷን እንዳይመታት ጠርዙን ሁሉ አዞርኩት። መቀመጫው ላይ ለባለሥልጣን ወንበር የማደርገውን ድርብ ስፖንጅ አደረግሁ፣ ሰማያዊ ከፋይ አለበስኳት። ያን ዕለት ያገኘኋት ግን ኮሪደሩ ጥግ ላይ፣ በማቀዝቀዣውና በመጥረጊያው ማስቀመጫ መሀል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ግድግዳው ላይ፣ አንድ ሕፃን ቁጭ ብሎ ግንባሩን ቢያስደግፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ወዝቶ መዳፍ የምታህል ጥቁር ክብ ሠርቷል።

«ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» አልኳት።

«የማሰቢያ ወንበር ናት። ስታጠፋ እዚያ ቁጭ ብላ ታስባለች። እኛ ቤት መምታት የለ፣ መጮህ የለ። እናቶቹ ሁሉ ማን ሠራልሽ እያሉ ቀንተውብኛል እኮ ጋሼ!»

«ታዲያ ምኗ ይሠራ?»

«ስፖንጁን አውጣልኝ። ተመችቷት እንቅልፍ ይወስዳታል። ልጅ እየተመቸው አያስብም።»

ይህን ያለችኝ ፈገግ ብላ፣ ብስኩት ሳህን ላይ እየደረደረች ነው። እንዴት ዝም እንዳልኩ የሚጠይቀኝ ይኖራል። ልጄን ይዤ ልወጣ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ በወንበር ስጨቃጨቅ ዋናው ነገር እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። ደግሞስ ልጄ ዛሬ ከዚህ ከወጣች በኋላ የማንም ልጅ ቢቀመጥባት ምን አገባኝ አልኩ። ወንበሯን ገልብጬ የገዛ እጄ የመታውን ስቴፕል በጉጠት አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከፋዩን ገፈፍኩ። ስፖንጁ መሀሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ ስፖንጅ እንዲህ የሚጎደጉደው ብዙ ሲቀመጡበት ነው። አውጥቼ ከዕቃዬ ጋር አስቀመጥኩና ከፋዩን ደረቁ ጣውላ ላይ ወጥሬ መልሼ መታሁት። ሥራ ነውና አጥብቄ ወጠርኩት፣ አንድም እጥፋት የለውም።

ይህን ስሠራ ልጄ ከክፍሏ ወጣች። ድሮ ስታየኝ ተጠምጥማ አንገቴ ላይ የምትንጠለጠል ልጅ፣ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ «እንደምን አደርክ አባዬ» አለችኝ፤ እንግዳ እንደሚቀበሉት። ሳብ አድርጌ ሳምኳት። ፀጉሯ የማላውቀው ሳሙና ይሸታል። «ልብስሽን ሰብስቢ፣ ዛሬ ቤታችን እንሄዳለን» ስላት ዓይኗ ተከፈተ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አየች።

«ማሚ ታውቃለች?»

«ማሚ ማናት?» አልኳት። ማን እንደሆነች አውቄያለሁ፤ ግን እንድትነግረኝ ፈለግሁ። ጉጠቱን አየች፣ ስፖንጁን አየች፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ደብተሩን አራግፋ ልብስ ጠቅጥቃበታለች፤ የፒጃማዋ እግር በዚፑ በኩል ወጥቷል። ጫማዋንም አድርጋለች። የወንድሜ ሚስት ከሳሎን ብቅ ብላ አየቻት፣ አልጮኸችም፣ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አደረገች። «ጫማ በቤት ውስጥ?» ልጄ ቁጢጥ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ሴቶቹ መጡ። ሶፋውን ገልብጬ ሥሩን ወደ መስኮቱ አዙሬው ስለነበር እነሱ የምግብ ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። «መዶሻ እንዳታሰማ፣ እየቀረጽኩ ነው። መወጠሩን ብቻ ሥራ፣ መምታቱን ስንጨርስ» ተባልኩ። ስለዚህ ላስቲኩን በአንድ እጄ ወጥሬ ይዤ፣ ሚስማሮቹን እንደ ልማዴ ከንፈሬ መሀል ደርድሬ፣ ፈቃድ እስኪሰጠኝ ሶፋው ጀርባ ተንበርክኬ ቀረሁ። እግሬ በጎን በኩል ወጥቶ ይታያል። የወንድሜ ሚስት ብስኩት ስታዞር ሁለቴ ተራምዳኛለች።

መጀመሪያ ያወሩት ስለ አስጠኚ ዋጋ ነው። ፋርማሲ ያላት ወፍራሟ ሴትዮ አስጠኚዎች በሰዓት የሚጠይቁት ሐኪም ከሚጠይቀው በለጠ ብላ ተማረረች። አንዲት ቀጭን የባንክ ሠራተኛ «የእኔው ጉድ አስጠኚውን ራሱ እንቅልፍ አስወሰደው» ብላ አሳቀቻቸው። ቀጥሎ ጥያቄ መጣ። ልጄ አልበላም ይላል ለምትለው «ሳህኑን አንሺው፣ አትለማመጪው» አለች የወንድሜ ሚስት። ልጄ ያለ ስልክ አይተኛም ለምትለው «የሱን ከመቀማትሽ በፊት የራስሽን አስቀምጪ» አለች። ይሄኛው እንኳ እውነት አለው፤ የወንድሜን ጀርባ በበረንዳው መስታወት አያለሁ፣ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። ባንክ ሠራተኛዋ ግን ልጇ ሁሉን ነገር እምቢ እንደሚል፣ ጠዋት ጠዋት በካልሲ ጭምር እንደምትታገለው ነገረቻቸው። «ምርጫ ስጪው» አለች የወንድሜ ሚስት። «ሁለት ነገር አቅርቢለት። አንቺ የምትፈልጊውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ጥሪው። ልጅ ጆሮው ላይ የቀረውን ነው የሚያነሳው። እሱ መረጥኩ ብሎ ደስ ይለዋል፣ የሚሆነው ግን አንቺ ያልሽው ነው። ላሳያችሁ?» ልጄን ጠራቻት። ልጄ መጥታ ምንጣፉ መሀል ቆመች፤ የት መቆም እንዳለባት ታውቃለች። «የእኔ ቆንጆ፣ ብስኩት ነው የምትፈልጊው ወይስ ሙዝ?» ልጄ «ሙዝ እፈልጋለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ልጄ ሙዝ አትወድም። ሕፃን ሆና እንኳ ካፏ ስናስገባው መልሳ ትተፋው ነበር። ልጣ ስትበላ በሶፋው ጠርዝ በኩል አየኋት፤ ሳታላምጥ ነው የምትውጠው።

«እንዴት ያለች የተገራች ልጅ ናት! እንዲሁ ስትፈጠር ነው?» አለች ባለ ፋርማሲዋ።

«ኧረ የት ተደርጎ! ስትመጣ ባያችኋት!» አለች የወንድሜ ሚስት፤ ስድቡ ይኸው መጣ። «ስጠራት አልጋ ሥር ነበር የምትገባው። አባቷ ሶፋ አዳሽ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ምስኪን ነው። ግን ልጅቷን የያዛት ሱቁ እንደሚመጣ አሮጌ ሶፋ ነው። ተራዋ እስኪደርስ ጥግ አስቀምጧት አቧራ አስለበሳት። እኔ ነኝ አውጥቼ ያራገፍኳት።» ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ባንክ ሠራተኛዋ «ተራዋ እስኪደርስ ጥግ... ቆይ ልጻፈው፣ ይሄ ለባሌ ነው» አለች፤ ሌሎቹም ጻፉ። ከሶፋው ጀርባ መሆኔን የወንድሜ ሚስት ታውቃለች። ማወቋ ነው እስከ ዛሬ ቆሽቴን የሚያሳርረው።

አፌ ሚስማር ሞልቶታል። ላስቲኩን ለቀቅኩት፤ ጧ ብሎ ተመለሰ። ተነሥቼ ቆምኩ። የሶፋው ሥር አቧራ ፀጉሬ ላይ ነው። ሴቶቹ እያዩኝ ሚስማሮቹን ከከንፈሬ አንድ በአንድ እያወጣሁ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ፤ ቶሎ አላልኩም። ባለ ፋርማሲዋ ብስኩቷን አፏ ጋ እንደያዘች ቀረች።

«የእኔ ልጅ ናት» አልኩ። «ዛሬ እወስዳታለሁ።»

እዚያ ላይ ባበቃ፣ እጇን ይዤ ብወጣ፣ የሚያቆመኝ አልነበረም ይሆናል። ግን ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የወንድሜን ሚስት አየኋትና «ደግሞስ አንቺ መቼ ወልደሽ ታውቂና ነው ልጅ ማሳደግ የምታስተምሪው? መካን ስለ ልጅ ምን ያውቃል?» አልኳት። ወንድሜ በዚያች ሰዓት የበረንዳውን በር ከፍቶ እየገባ ነበር፤ ሰምቷል። ነጠላ ጫማውን እያየ ባለበት ቆመ። ባለ ፋርማሲዋ «ኧረ በስማም!» አለች። አንዲት ሌላ ሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። የተናገርኩት እውነት ነው፤ ሀሰት ነው ያለኝም የለም።

የወንድሜ ሚስት አላለቀሰችም። አንገቷ ላይ አንድ የደም ሥር ብቅ ብሎ ሲመታ አየሁ፣ ሌላ ነገር አላየሁም። ጠረጴዛው ላይ የብስኩቱን ሳህን ቀና አደረገችው። «ይኸውላችሁ» አለች ወደ ሴቶቹ፣ በዚያችው በማስተማሪያ ድምፅዋ። «ትልቅ ሰው ንዴቱን መቆጣጠር ሲያቅተው እንዲህ ይሆናል። እኛ አንጮህም፣ አንሰዳደብም። ልጅቷን ምርጫ እንሰጣታለን።» እጇን ዘረጋች። «ነይ የእኔ ቆንጆ።»

ልጄ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ ነበር። ቦርሳውን ግድግዳው ሥር አስቀምጣ መጣችና ምንጣፉ መሀል፣ ቅድም ለሙዙ የቆመችበት ቦታ ላይ፣ ቆመች። ያን ሰዓት ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ብቻ አንዴ ቀና ብላ አይታኝ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች።

«አባትሽ ሊወስድሽ መጥቷል። ከአባትሽ ጋር መሄድ ነው የምትፈልጊው» አለች የወንድሜ ሚስት፤ እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደች፤ «ወይስ እዚህ ከማሚ ጋር መቆየት?»

ዘዴውን ቅድም ከሶፋው ጀርባ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ገልብጬ ልጠይቃት፣ የእኔን መጨረሻ ላይ ልጠራው እችል ነበር። ልጄን እንደዚያ በቃል ማጥመድ ግን ተጠየፍኩ። ልጅ አባቷን ለመምረጥ ቅደም ተከተል ያስፈልጋታል እንዴ? ጠበቅኩ። ልጄ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ በዚያችው ሙዝ በጠየቀችበት ድምፅ «እዚህ ከማሚ ጋር መቆየት እፈልጋለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለች።

አንዷ ለምዶባት አጨበጨበች። ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ እጇን ጭኗ መሀል ደበቀች። የወንድሜ ሚስት የልጄን ፀጉር ደባበሰችና ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል «ጎበዝ» አለች።

«ጋሼ፣ ቁጭ በልና ሻይ ጠጣ» አለ ወንድሜ። ያን ዕለት የተናገረው ሁለተኛ ቃል ነው። ሶፋውን እንደተገለበጠ ተውኩት፤ ላስቲኩ በየፊናው ተንጠልጥሏል። ጉጠቴን፣ መዶሻዬን፣ ከትንሿ ወንበር ያወጣሁትን ስፖንጅ ጭምር ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። ጥሩ ስፖንጅ ነው፣ ለሌላ ሥራ ይሆናል። ሳልፍ ልጄን ልብሷ ጫፍ ላይ እንኳ አልነካኋትም። ሰው በተሰበሰበበት፣ ደብተር በተያዘበት፣ የገዛ ልጄ አልፈልግህም ብላኛለች፤ ደግሞ አመስግና። በሩ ላይ ጫማዬን ሳላስር አጠለቅኩና ወጣሁ።

አንድ ፎቅ እንደወረድኩ ከላይ በሩ ቀስ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ፤ በሌባ እጅ እንደሚከፈት በር። ቀጥሎ ባዶ እግር ደረጃው ላይ ፈጠን ፈጠን ሲል ሰማሁ። መታጠፊያው ላይ ቀና ስል ልጄ ናት። ቦርሳዋን አዝላለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ወደ ታች አጎነበሰችና፣ ላይ ቤት እንዳይሰሙ በሹክሹክታ ጠራችኝ።

«አባዬ!»

ቆምኩ።

«አባዬ፣ በትክክል መለስኩ አይደል? አሁን እንሂድ?»

ሰው ፊት አዋርዳኝ ስታበቃ ደረጃ ላይ ልታባብለኝ የመጣች መሰለኝ። ከረጢቴን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ። «አባዬ?» አለችኝ እንደገና፣ አሁን ሹክሹክታውን ረስታ። ፊቴን መለስኩና የቀረውን ደረጃ ወረድኩ።